ለጽሕፈት መምህርታችን ምስጋና፣ ለወላጆች ደግሞ ጥቆማ

ቲቸር፣ እግዜር ይስጥልን! ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ዓመት ያሉ ልጆችን አማርኛ ጽሕፈት የሚያስተምሩትን እኚህን መምህርት ሳያመሰግኑ ማለፍ ነውር ነው።

ሌላ ቦታ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ሰሌዳ ላይ «እናቴ» ይባላል፤ ከሥሩ አምስት ዓረፍተ ነገር ይደረደራል፤ ክፍሉ በሙሉ ይገለብጣል። የሁሉም እናት ደግ ናት፣ ወጥ ትሠራለች፣ ልብስ ታጥባለች። ለዚህም ወርኀዊ ክፍያ ይጠየቃል! ልጆቹ በራሳቸው ይጻፉ ሲባል ደግሞ ከእንቅልፍ መነሣት እስከ መተኛት «ከዚያ... ከዚያ... ከዚያ» ነው። ልጁ ሰንፎ አይደለም። ርዕሱ ሲሰፋበት የሚያተኩርበት ስለሚያጣ መዘርዘር ብቻ ይቀረዋል።

እኚህ መምህርት ወረቀቱን ለሦስት ያሳጥፏቸዋል። ላይኛው እጥፋት ላይ ትልቁ ርዕስ ይጻፋል፦ ፋሲካ። መካከለኛው ላይ ከበዓሉ አንዱ ክፍል፦ ዶሮ ስንገዛ። ታችኛው ላይ አንድ ቅጽበት፦ ዶሮው ከእጄ አምልጦ ጎረቤት ግቢ ሲገባ። ድርሰት የሚሆነው ይኸው የታችኛው ብቻ ነው። መመዘኛቸው «በአንድ ሥዕል ያልቃል?» የሚል ነው፤ ሁለት ሥዕል ካስፈለገ ገና አልጠበበም። ቀጥሎ ልጁ በሦስት ጣቱ እየቆጠረ መጀመሪያውን፣ መካከሉንና መጨረሻውን ለጓደኛው ይነግረዋል፤ ጓደኛው አንድ ጥያቄ ይጠይቀዋል። እርሳስ የሚነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ከልክ በላይም ይጠብባል፦ «ከረሜላዬ ቀይ ነው» ብሎ የቆመ ልጅ አንድ እጥፋት ወደ ላይ ይመለሳል። የፊደል ስሕተት ደግሞ በዚያ ቀን አይነካም። «ሀ» ነው «ሐ» ነው የሚል ጭቅጭቅ ከተጀመረ ልጁ ሊናገር የነበረውን ይረሳዋል።

ከሁሉ የሚደነቀው ግን ይህ ነው። አንድ ልጅ «ምንም የምጽፈው የለኝም» ብሎ አቀረቀረ። ርዕስ አልሰጡትም። አግዳሚው ላይ አጠገቡ ቁጭ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዛሬ ጫማህን ማን አሰረልህ?» አሉት።

«እህቴ። ግን በጣም አጠበቀችው።»

«በል እሱን ጻፈው» ብለውት ተነሥተው ሄዱ። ችሎታው ተነሥቶ መሄዱ ላይ ነው! ብዙ አስተማሪ አጠገቡ ቆሞ ዓረፍተ ነገሩን ይጨርስለታል፣ ድርሰቱም የአስተማሪው ሆኖ ያርፋል። ልጁ አራት መስመር ጻፈ፤ አንድም «ከዚያ» የለበትም።

ወላጆች፣ ቢርቃችሁም ልጆቻችሁን እሳቸው ዘንድ ውሰዱ። እኚህን መምህርት ያገኘ ልጅ ታድሏል። ቤት ውስጥ ለማገዝ የምትፈልጉ «እንዴት ዋልክ?» ማለቱን ትታችሁ «ዛሬ እረፍት ሰዓት ላይ ማን አሳቀህ?» ብላችሁ ጀምሩ። መልሱን ግን እናንተ አትጻፉለት። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ ልጅ የሚቀበሉት በቁጥር ስለሆነ ቶሎ በሉ።