ቲ ትሪ ኦይል መድኃኒት የተላመደ ጀርም ላይ ምን ያህል ይሠራል?

በመድኃኒት ቤትና በመዋቢያ መደብር የሚሸጠው ባለ 10 ሚሊ ሊትር ቲ ትሪ ኦይል፣ አንዳንዱ ካርቶን ላይ «መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን ይገድላል» ይላል። አባባሉ መሠረት አለው፤ ሳይነገር የቀረው ነገር ግን ብዙ ነው።

ዘይቱ ሜላሊዩካ አልተርኒፎሊያ ከተባለው የአውስትራሊያ ዛፍ ቅጠል በእንፋሎት ይወጣል። ዋናውን ሥራ የሚሠራው፣ ተርፒነን-4-ኦል የተባለው የዘይቱ ንጥረ ነገር፣ የባክቴሪያውን ሽፋን ያላላዋል፤ በውስጡ ያለው ፖታሲየም ይፈስና ይሞታል። ሜቲሲሊን የተባለው አንቲባዮቲክ የማይገድለው ስታፊሎኮከስ ባክቴሪያ (ኤምአርኤስኤ) ከመድኃኒቱ የሚያመልጠው መድኃኒቱ የሚይዘውን ፕሮቲን ለውጦ ነው፤ ሽፋኑን የሚያጠቃ ነገር ሲመጣ ግን ይህ ብልሃት አይጠቅመውም። በላቦራቶሪ ብዙውን ጊዜ ከ0.25 እስከ 0.5 በመቶ የሆነ ዘይት ይበቃዋል። ሱዶሞናስ የተባለው ሌላ ባክቴሪያ ግን ውጫዊ ሽፋኑ ጠንካራ ስለሆነ ከዚህ እጅግ የበለጠ ይፈልጋል፤ ሱዶሞናስ የሚበዛበትን የቃጠሎ ቁስል በዚህ ዘይት ለማከም ማሰብ አይገባም።

ሰው ላይ ሲሞከርስ? በ2004 በእንግሊዝ የታተመ፣ 224 የሆስፒታል ሕሙማንን ያካተተ ጥናት ነበር። አፍንጫ ውስጥ ያለውን ኤምአርኤስኤ ለማጥፋት 10 በመቶ የቲ ትሪ ክሬም በ47 በመቶ፣ ሙፒሮሲን የተባለው የአንቲባዮቲክ ቅባት ደግሞ በ78 በመቶ ሕሙማን ተሳክቶላቸዋል። ቆዳና ቁስል ላይ ግን ዘይቱ ክሎርሄክሲዲንና ሲልቨር ሰልፋዲያዚን ከተባሉት የተለመዱ ጀርም ገዳዮች የተሻለ ሆኗል። ስለዚህ ለአፍንጫ ሙፒሮሲን ይቅደም፤ ዘይቱ ጥሩ የሚሆነው ለቆዳ ነው።

ሲገዙ የዓለም አቀፉን የጥራት ደረጃ አይኤስኦ 4730 ይፈልጉ፦ ተርፒነን-4-ኦል ከ35 እስከ 48 በመቶ፣ ሲኒዮል የተባለው ሌላው ንጥረ ነገር ከ10 በመቶ ያልበለጠ። ቁጥሩ ያልተጻፈበትን፣ ወይም በስስ ፕላስቲክ የታሸገውን ይተዉት፤ ዘይቱ ፕላስቲኩ ውስጥ ይሰርጋል። ጥቁር ብርጭቆ ይሻላል።

አደራ፣ ሳይበርዙ አይቀቡት። 5 በመቶ ለማድረግ 9.5 ሚሊ ሊትር የወይራ ወይም የጆጆባ ዘይት ላይ 0.5 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ። የጠብታ መጠን ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ በስሪንጅ መለካት ይሻላል። ውኃ ላይ ከጨመሩት ከላይ ይንሳፈፋል፤ ቆዳው ላይ የሚያርፈውም ያልተበረዘ ጠብታ ይሆናል፤ ብዙ ሰው የሚቃጠለው በዚህ ነው። አስቀድመው በክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ትንሽ ቀብተው ለሁለት ቀን ይጠብቁ። ዓይን፣ ጆሮ ውስጥና ጥልቅ ቁስል ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። መዋጥ ደግሞ አደገኛ ነው፤ ሕፃናት ከ10 ሚሊ ሊትር ባነሰ መጠን ግራ ተጋብተዋል፣ መራመድም አቅቷቸዋል። ከልጅ እጅ ያርቁት።

የእኛው ጦስኝም ቲሞልና ካርቫክሮል የተባሉ የዘይት ንጥረ ነገሮች አሉት፤ እነሱም ሽፋን ነው የሚያጠቁት። ሆኖም በተፈላ ሻይ ውስጥ የሚቀረው ዘይት ትንሽ ስለሆነ ቁስልን በጦስኝ ውኃ ማጠብ ከዚህ ጋር የሚተካከል አይደለም።

ትልቁ ድክመቱ መበላሸቱ ነው። አየርና ብርሃን ሲያገኘው ፓራ-ሳይሚን የተባለው ንጥረ ነገር እየጨመረ፣ ተርፒነን-4-ኦሉ ያለበት ጥንቅር እየተለወጠ ይሄዳል፤ አለርጂ የሚያስነሣውም በአብዛኛው ያረጀው ዘይት ነው። ቢረክስም ባለ 50 ሚሊ ሊትሩን አይግዙ፤ ትንሹን ገዝተው፣ የተከፈተበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ጽፈው፣ ክዳኑን አጥብቀው ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡት። ዘይቱን የቀቡት ቁስል እብጠት ከሰፋ፣ ቀይ መስመር ከተዘረጋ ወይም ትኩሳት ከመጣ ዘይቱን ያቁሙና ሐኪም ጋ ሄደው የመግል ምርመራ ያሠሩ።