ሬዲዮ፣ ጋዜጣ ወይስ ስማርት ስልክ? ለጡረተኛ ወላጅ የቱን እንግዛ?

በሀገራችን መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። በዚህ ዕድሜ ብዙ ሰው ገና ጠንካራ ነው። ወሬ ይወዳል፣ ክርክር ይወዳል፣ ሀገር ምን ላይ እንዳለች ማወቅ ይፈልጋል። እኛ ልጆች ታዲያ በዓል ሲደርስ ስማርት ስልክ ይዘን ከች እንላለን። ውድ ስለሆነ ትልቅ ስጦታ ይመስላል። እኔ ግን አራት ኪሎ፣ ፒያሳ ወይም ስታዲየም አካባቢ ለሚኖር ጡረተኛ በቅድሚያ ደህና ሬዲዮ እገዛለሁ። ስልኩ ሁለተኛ ነው፣ ያውም በቅድመ ሁኔታ። ጋዜጣም የራሱ ቦታ አለው። ቴሌቪዥንን ከውድድሩ ያወጣሁት አብዛኛው ቤት ስላለ ነው፤ ሪሞቱም የልጅ ልጆች እጅ ላይ ነው።

ሬዲዮ ሥራ አያስፈታም። እማማ ቡና እየቆሉ፣ አባባ ጫማቸውን እየጠረጉ ይሰሙታል። ካርድ ሙሉልኝ አይልም። መብራት ሲሄድ በባትሪ ድንጋይ ይቀጥላል። የአዲስ አበባ ኤፍ ኤም ደግሞ ለአዛውንት ጆሮ የሚሆን ጨዋታ አያጣም። ሸገር 102.1 ሥራ ከጀመረ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የጋዜጠኛ መዓዛ ብሩን ረጃጅም ቃለ ምልልሶች ቁጭ ብሎ ያላዳመጠ ጡረተኛ ማግኘት ይከብዳል።

ሬዲዮ ስትገዙ ግን አንድ ወጥመድ አለ። የከተማዋ ጣቢያዎች ተጠጋግተው ነው የተቀመጡት። 96.3፣ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 እና ፋና 98.1 ጎረቤታሞች ናቸው። ብስራት 101.1፣ ሸገር 102.1 እና አባይ 102.9 እንዲሁ። በትንሽ ባለ መርፌ ሬዲዮ ላይ በነዚህ መካከል ያለው ርቀት ፀጉር ታክላለች። እጁ ትንሽ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ጣቢያ መፈለግ ፈተና ይሆናል። አንዱን ሲያልፉ ሌላው ላይ ያርፋሉ፣ ከዚያ ሬዲዮው «ተበላሽቷል» ይባላል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ጣቢያ የሚያስቀምጥ ዲጂታል ሬዲዮ ነው። 1 ቁጥርን ሲጫኑ ሸገር፣ 2 ቁጥርን ሲጫኑ ፋና እንዲመጣ አድርጋችሁ መስጠት ትችላላችሁ። ነገር ግን ቁልፉ ከበዛና ጽሑፉ ካነሰ ተዉት። ሁለተኛው ሰፊ ሰሌዳ ያለው ባለ መርፌ ሬዲዮ ነው። የሚወዱት ጣቢያ ላይ በጥፍር ቀለም ነጥብ ታደርጉበታላችሁ። ዕድሜ ልካቸውን መርፌ ላዞሩ ሰዎች ይህኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ዲጂታሉን ከመረጣችሁና ሰዓት ካለው፣ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ሙሉት። ሁለት ሰዓት ላይ 8:00 እያሳየ አባባን አያድክማቸው።

የድምፅ ማጉያው ነገር ከሁሉ በላይ ነው። ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚደክመው ቀጭን ድምፆችን የመስማት አቅም ነው። «ሰ»፣ «ፈ»፣ «ተ» ይደበዝዛሉ። «ድምፁ ይሰማኛል፣ የሚለው ግን አይገባኝም» የሚሉት ለዚህ ነው። ድምፅ መጨመር ብቻውን አይፈታውም፤ ጎረቤት ያስቀይማል እንጂ። ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) የሚያጓራ ሬዲዮ ለዘፈን ጥሩ ነው፣ ለዜና ግን ንግግሩን ይውጠዋል። ሱቅ ውስጥ ዘፈን ሳይሆን ሰው የሚያወራበት ጣቢያ ከፍታችሁ ፈትኑት። ቤት ከገባ በኋላም ሬዲዮው ከቁም ሳጥን ላይ ወርዶ ከወንበራቸው አጠገብ ይቀመጥ። ይህም ካልረዳ ጆሮ ይታይ። አንዳንዴ ጥፋቱ የተጠራቀመ የጆሮ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ፍላሽና ሚሞሪ የሚቀበል ከሆነ ትልቅ ጭማሪ ነው። መዝሙሩን፣ መንዙማውን፣ የድሮ ዘፈኑን ሞልታችሁ ትሰጣላችሁ። በቻርጅ የሚሠራ ከሆነ ባትሪው የሚወጣና የሚቀየር ይሁን። ብዙ ትንንሽ ሬዲዮኖች ቢኤል-5ሲ የሚባለውን የድሮውን የኖኪያ ባትሪ ይጠቀማሉ፤ እሱ በቀላሉ ይገኛል። ተለጥፎ የተዘጋው ግን ባትሪው ሲደክም አብሮት ይጣላል።

ወደ ጋዜጣ እንምጣ። አዲስ ዘመን ከግንቦት 1933 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ከብዙዎቹ ጡረተኞቻችን በዕድሜ ይበልጣል። ሪፖርተር እሑድና ረቡዕ ይወጣል። የጋዜጣ ትልቁ ጥቅሙ ከቤት ማስወጣቱ ነው። ሐኪም «በየቀኑ በእግርዎ ይሂዱ» ሲላቸው እሺ ብለው የሚቀመጡ አባት፣ ለጋዜጣ ሲሆን አራት ኪሎ ድረስ ይወርዳሉ። እዚያ ተከራይቶ የማንበብ የቆየ ልማድ አለ። አንብቦ የጨረሰው ካላነበበው ጋር ይከራከራል። ይህን ጨዋታ ሬዲዮም ስልክም አይሰጡም።

ጉድለቱ ዓይን ነው። የጋዜጣ ፊደል አይጎላም። የማንበቢያ መነጽር የግድ ነው፤ መነጽር ተደርጎም ጽሑፉ ጭጋግ ከለበሰ የዓይን ሞራ ሊሆን ስለሚችል መመርመር ያስፈልጋል። ሌላው አድራሻ ነው። የፒያሳ ብዙ ክፍል በ2016 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ ብዙ ነባር ነዋሪ ከመሀል ከተማ ርቋል። ጋዜጣ አዟሪ የማይደርስበት ኮንዶሚኒየም ለገቡ ሰዎች ይህን ምርጫ እርሱት።

ስማርት ስልክ የሚያሸንፍበት አንድ ነገር አለ፤ ውጭ ሀገር ያለ ልጅን ፊት ለፊት ማየት። ለዚህ ብቻ ብሎ የሚገዛ ሰው አልወቅስም። ፊደልም ይጎላል፣ ያመለጠ የሬዲዮ ፕሮግራምም ተመልሶ ይሰማል። ቅድመ ሁኔታ ያልኩት ግን ቤት ውስጥ የሚረዳ ሰው መኖሩን ነው። የአዛውንት ጣት ደረቅ ስለሚሆን ስክሪኑ አንዳንዴ አይታዘዝም። ከቴሌግራም የሚወርደው ቪዲዮ ስልኩን ይሞላዋል። «ሽልማት ደርሶዎታል፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩን» የሚል ይደውላል። ይባስ ብሎ «ስኳርን ከሥሩ የሚነቅል ቅጠል» ይመጣል፤ ለዓመታት የወሰዱትን ኪኒን በዚህ ምክንያት የሚያቆሙ አሉ። የስኳርና የግፊት መድኃኒት በራስ ፈቃድ ሲቋረጥ አደጋው ቀላል አይደለም። ስልኩን የምትሰጡ ከሆነ ይህን ቁጭ ብላችሁ አውሯቸው። ፊደሉን አጉሉ፣ የማይፈለገውን አፕ አጥፉ፣ የልጆችን ስም ከነፎቶው ፊት ለፊት አስቀምጡ።

የሚረዳ ሰው ከሌለ ትልልቅ ቁልፍ ያለው ተራ ስልክ ይበቃል። ጥሪው ይጮኻል፣ ቻርጁ ቀናት ይቆያል፣ ባትሪም ያበራል። ብዙዎቹ ኤፍ ኤም ስላላቸው «ሬዲዮውም አብሮ አለ» ብሎ የሚሸጥላችሁ አይጠፋም። ተጠንቀቁ፤ የአንዳንዱ ሬዲዮ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ ካልተሰካበት አይሠራም። ገመዱ ነው አንቴናው።

እንግዲህ ብቻቸውን ለሚውሉ እናት ሬዲዮና ባለ ቁልፍ ስልክ። እግራቸው ለጠና፣ አራት ኪሎ ለሚቀርባቸው አባት ሬዲዮና የእሑድ ጋዜጣ። ልጆች ውጭ ካሉና የልጅ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ስማርት ስልኩ ይጨመር። አንድ ደህና ስልክ በሚገዛበት ብር ሬዲዮውም ተራ ስልኩም ተገዝተው ሊተርፍ ይችላል።

መርካቶ ስትሄዱ የባትሪ ድንጋይ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ሶኬት ላይ ሰክቶ ያሳያችኋል፣ በድንጋይ መሥራቱን ግን እናንተ ሞክሩ። አንቴናውን መዝዛችሁ 97.1ን ከ98.1 ለይቶ መያዙን አረጋግጡ። ማርካውን ፊደል በፊደል አንብቡ፤ ከታወቀ ስም አንድ ፊደል የተቀየረበት ዕቃ ብዙ ነው። ሱቅ ውስጥ አልይዝ ብሎ ሻጩ «የሱቁ ቆርቆሮ ነው የከለከለው፣ ቤት ወስዳችሁ ሞክሩት» ካላችሁ፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚቀይርላችሁ ደረሰኙ ላይ አስጽፉት።