ከኅዳር እስከ ሐምሌ በሐረጎ፦ ለኮሮላዬ የመረጥኩት የካምቢዮ ዘይት

ቤቴ ደሴ፣ እንጀራዬ ኮምቦልቻ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ሦስት የሥራ ባልደረቦቼን ይዤ ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፤ ማታ መልሼ እወጣዋለሁ። ደርሶ መልሱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናዬ በፈረንጆቹ 1997 የተሠራች 1.6 ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ማኑዋል፣ ባለ አምስት ማርሽ። ባለፈው ኅዳር የካምቢዮ ዘይቷን ወደ ሼል ስፓይራክስ ኤስ4 ጂ 75ደብሊው-90 ቀየርኩላት፤ 75ደብሊው-90 ውፍረቱ ነው፤ ጂኤል-4 ደግሞ ጥርሶቹን የሚጠብቀው ቅመም ደረጃ ነው። አሁን ስምንት ወር ሞላው፤ 10,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳበታለች። ክረምቱ ገብቶ ስለ ዘይቱ በቂ ነገር ስላየሁ፣ የወደድኩትንም ያልወደድኩትንም ልጻፈው።

መንገዱን ለማያውቅ፦ ደሴ ከባህር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። በዚያች አጭር መንገድ 650 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል። ፍሬን ብቻ ይዞ ሐረጎን የሚወርድ ሰው ታች ሲደርስ የጎማው አካባቢ ይሸተዋል። ስለዚህ የምንወርደው በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ፣ በሞተር እየያዝን ነው። ሽቅብ ሲሆን ደግሞ ተሳቢ ከፊት ይቀድምና ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲባል ይመሻል። ሜዳ ላይ የሚውል መኪና በወር የማይቀይረውን ማርሽ እኛ በሳምንት እንቀይራለን ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ችግሩ የጀመረው ባለፈው መስከረም ላይ ነው። የሞተር ዘይት ላስቀይር የገባሁበት ጋራዥ (ስሙን አልጠራም) የካምቢዮው ዘይትም ጠቁሯል ተባልኩና እሱም ይቀየር አልኩ። ምን ዓይነት እንደሚገባ ስጠይቅ መካኒኩ «አብሽሪ እህቴ፣ ለሐረጎ ወፍራሙ ነው የሚያዋጣው። ቀጭኑ ያረጀ ካምቢዮ አይችልም» አለኝ። ነገሩ ለጆሮ ያሳምናል። መኪናዋ አርጅታለች፣ መንገዱ ከባድ ነው፣ ወፍራም ዘይት ደግሞ ጠንካራ ይመስላል። አምኜ ከፍዬ ወጣሁ።

መስከረምን ምንም አላየሁም። ጥቅምት ገብቶ የደሴ ብርድ ሲጠና ግን ሁለተኛ ማርሽ እምቢ አለ። በአንደኛ ተነስቼ ፍሪሲዮን ረግጬ ወደ ሁለተኛ ስስብ፣ ማርሹ አንድ ነገር ላይ ተደግፎ ይቆማል። ከገፋሁት «ክርርር» ብሎ ይገባል፤ ካልገፋሁት ጭራሽ አይገባም። ፎሌ ላይ (ማርሽ ሳይገባ) ትንሽ አቆይቼ ደግሜ ስሞክር ይገባል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከኋላ ሚኒባስ ጡሩንባ እየነፋ፣ ለዚህ ጊዜ የለም። አብራኝ የምትሄድ የሥራ ባልደረባዬ ድምፁን በሰማች ቁጥር ዳሽቦርዱን ትጨብጥ ነበር።

ያማከርኳቸው ሁሉ ፍሪሲዮን ነው አሉኝ። ዲስኩና ሸክላው ይቀየር፣ ካምቢዮው ይውረድ። ልስማማም ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ያዳነኝ አንድ ነገር በደንብ ማስተዋሌ ነው፦ ኮምቦልቻ ስንደርስ ያ ሁሉ ችግር ይጠፋል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ውስጥ ሁለተኛ ማርሽ እንደ ቅቤ ይገባል። ማታ ስንመለስም ምንም የለም። በማግስቱ ጠዋት እንደገና ክርርር። ፍሪሲዮኑ በደንብ የማይለቅ ቢሆን ኖሮ ሲሞቅም ይቸግር ነበር፤ በተለይ ቆሜ ኋላ ማርሽ ሳስገባ ይጮህብኝ ነበር። ብርድ ሲሆን የሚታመም፣ ሲሞቅ የሚድን ነገር ካለ መጀመሪያ ዘይቱ ነው የሚጠረጠረው። ፍሪሲዮን ማስቀየሩ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆን ነበር።

ወደ ጋራዡ ተመልሼ ያስገባችሁልኝን ዘይት ጀሪካን አሳዩኝ አልኩ። 85ደብሊው-140፣ ጂኤል-5 ይላል። የመኪናዬ መጽሐፍ የሚለው ደግሞ 75ደብሊው-90፣ ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5፣ 1.9 ሊትር ነው። ስለ ደረጃው አልዋሹም፣ ጂኤል-5 ተፈቅዷል። ውፍረቱን ግን ከራሳቸው አመጡት።

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ማርሽ ስንቀይር ሥራውን የሚሠራው ሲንክሮ የሚባል የናስ ቀለበት ነው። በሁለት የተለያየ ፍጥነት የሚዞሩ ነገሮችን ፍጥነታቸውን አመሳስሎ ያገናኛል። የሚያመሳስለው በመፋተግ ነው። በውስጡ እንደ ብሎን ጥርስ የተቆረጡ ደቃቅ መስመሮች አሉ፤ ሥራቸው የዘይቱን ስስ ሽፋን ቆርጠው ናሱን ከብረቱ ማገናኘት ነው። ዘይቱ ብርድ ላይ እንደ ማር ከወፈረ መስመሮቹ ሊቆርጡት አይችሉም፤ ቀለበቱ ይንሸራተታል፣ ማርሹ ይጋጫል። በዚያ ላይ ወፍራሙ ዘይት ውስጥ የተነከሩት ማርሾች ፍሪሲዮን ተረግጦም ቢሆን እርስ በርስ ይጎታተታሉ። ጠዋት ጠዋት የምሰማው ያ ክርርር ይኸው ነበር።

ቁጥሮቹም ያደናግራሉ። የካምቢዮ ዘይት 90 ሲባል ሰው ከሞተር ዘይት 40 ጋር አነጻጽሮ እጥፍ የወፈረ ይመስለዋል። መለኪያቸው የተለያየ ነው። በ100 ዲግሪ ሙቀት የካምቢዮ 90 ከ13.5 እስከ 18.5 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ) ነው፤ የሞተር 40 ደግሞ ከ12.5 እስከ 16.3። ጎረቤታሞች ናቸው። 140 ግን ከ24 እስከ 32.5 ይደርሳል፤ ከ90ው ጋር ሲተያይ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ደብሊው ያለበት የፊተኛው ቁጥር ለብርዱ ነው፤ ባነሰ ቁጥር ዘይቱ ብርድ ላይ ይፈስሳል። የደሴ ሰው ማየት ያለበት ይህችን ቁጥር ነው። ለኮምቦልቻ ሙቀት የሚበቃ ዘይት ማግኘት ቀላል ነው፤ ጦሳ ተራራ ሥር አድሮ ጠዋት የሚታዘዝ ዘይት ማግኘት ነው ከባዱ።

ጂኤል-4ን ለምን መረጥኩ? መጽሐፉ ሁለቱንም ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ጂኤል-5 ያስገባ ሰው አጠፋ አልልም። ጂኤል-5 የተሠራው በዋናነት ከኋላ ለሚነዱ መኪኖች ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች ለሚያከፋፍለው ክፍል) ነው። እዚያ ጥርሶቹ እየተጫኑ ብቻ ሳይሆን እየተንሸራተቱም ስለሚሠሩ፣ ዘይቱ ውስጥ ብዙ የድኝና የፎስፎረስ ቅመም ይጨመራል። የእኔ ኮሮላ ከፊት ነው የምትነዳው፤ ዲፈረንሻሏ እዚያው ካምቢዮው ውስጥ ነው፣ ጥርሱም ያን ያህል የሚንሸራተት ዓይነት አይደለም። ያ ሁሉ ቅመም አያስፈልጋትም። በሌላ በኩል የድሮዎቹ ጂኤል-5 ዘይቶች ድኛቸው ናስ ይበላል ተብሎ የተፈራው በከንቱ አልነበረም። የዛሬዎቹ ብዙዎቹ በዚህ ተሻሽለዋል፤ ግን ለሲንክሮው ማለስለሳቸው አልቀረም። ዕድሜዋ ለገፋ፣ ሲንክሮዋ ለደከመ መኪና ናሱ ትንሽ የሚነክስበት ዘይት ይሻላል ብዬ ጂኤል-4 ወሰንኩ። ይህን ውሳኔ ዛሬም እደግመዋለሁ።

ደሴ የመለዋወጫ ሱቆች ውስጥ ያገኘሁት ወይ 80ደብሊው-90 ጂኤል-5 ነው፣ ወይ ከበርሜል በሊትር የሚቀዳ፣ ስሙም ቁጥሩም የማይታወቅ ነው። ከበርሜል አልገዛም። በመጨረሻ ወንድሜ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ፈልጎ ባለ አንድ ሊትር ሁለት ጠርሙስ በአውቶቡስ ላከልኝ። ዋጋው መስከረም ላይ ከከፈልኩት ሁለት እጥፍ አለፍ ይላል። የጠርሙሱን ክዳን ማሸጊያ ቀለበት አይቼ፣ ጀርባው ላይ ጂኤል-4 እና 75ደብሊው-90 የሚሉትን ሁለቱንም አንብቤ ነው የተቀበልኩት።

የቀየርነው እሑድ ዕለት ታናሽ ወንድሜና እኔ ነን። እስከ ገራዶ ደርሰን ተመለስን፣ ዘይቱ እንዲሞቅ። ሙቅ ዘይት ጠርጎ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ግድግዳው ላይ ይቀራል። መጀመሪያ የፈታነው የታችኛውን ሳይሆን የላይኛውን፣ የመሙያውን ብሎን ነው። ይህን አደራ እላለሁ። ታችኛውን አፍስሶ ላይኛው አልፈታ ያለው ሰው፣ ባዶ ካምቢዮ ይዞ ቆመ ማለት ነው። የኛም በቀላሉ አልተፈታም፤ 24 ቁጥር ቁልፍ ላይ ቧንቧ አስረዝመን ነው የለቀቀው።

የወጣውን ዘይት ነጭ ሳፋ ላይ ተቀበልነው። የሁለት ወር ዕድሜ ብቻ ያለው ዘይት ነበር። ፀሐይ ላይ ሳፋውን ዘንበል ሳደርገው ውስጡ ወርቅ የተበተነበት ይመስል ብልጭ ብልጭ ይላል። ወንድሜ ከተበላሸ ስፒከር የወጣች ማግኔት በፌስታል ጠቅልሎ አስገባባት። ጥቂት ጥቁር ጭቃ ይዛ ወጣች፤ ያ የማርሾቹ ብረት ነው፣ ያለም ነው። ወርቃማው ግን ማግኔቱን አልፎ እዚያው ቀረ። ናስ ነው። ጠዋት ጠዋት እየገፋሁ ያስገባሁት ሁለተኛ ማርሽ ነው በሳፋው ላይ የማየው። ያን ቀን በጣም አዘንኩ፤ አንድ ሰው የመኪናዋን መጽሐፍ አገላብጦ ቢያይልኝ ኖሮ አይሆንም ነበር።

አዲሱን በቱቦ ሞላነው። ዘይቱ ከመሙያው ቀዳዳ ከንፈር እኩል ሆኖ መፍሰስ ሲጀምር አቆምን። መኪናዋ ደልዳላ መሬት ላይ መሆን አለባት፤ የኛ ግቢ ተዳፋት ስለሆነ ከታች በኩል በድንጋይና በጣውላ አስተካክለናት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ልዩነቱ ከግቢው በር ሳልወጣ ታወቀኝ። ሁለተኛ ማርሽ ገባ። ሙሉ በሙሉ እንደ አዲስ አይደለም፤ ታኅሣሥ ውስጥ በጣም ብርድ በነበረባቸው ጠዋቶች ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቅየራዎች ጥቂት ከበድ ይል ነበር። ድምፅ ግን የለም። ከየካቲት ወዲህ ጭራሽ ረስቼዋለሁ። ቁልቁለቱ ላይ የፈራሁት ነገር፣ ቀጭኑ ዘይት ሲሞቅ ማርሹ ይጮሃል ወይ ያመልጣል የተባለው፣ አልደረሰም። ግንቦት ላይ በኮምቦልቻ ሙቀት፣ አራት ሰው ጭነን፣ ከተሳቢ ኋላ በሁለተኛ ማርሽ ሐረጎን ስንወጣም ማርሹ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ያልወደድኩት ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው፣ ጥር ላይ በግራ አክስሉ በኩል ካምቢዮው ማላብ ጀመረ። ኦይል ሲሉ (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘው ማሸጊያ) አርጅቶ ነበር፤ ወፍራሙ ዘይት ደብቆት ነው የቆየው። ይህን ጥፋት በዘይቱ አላመካኝም፤ ግን ወደ ቀጭን የሚቀይር ባለ አሮጌ መኪና ለኦይል ሲል ወጪ ይዘጋጅ። ሲቀየር አክስሉ ስለሚወጣ ዘይት ይፈስሳል፤ እኔም ሦስተኛ ጠርሙስ ማስላክ ግድ ሆነብኝ። ሁለተኛው፣ ፎሌ ላይ ቆማ ሞተሩ ሲሠራ የነበረችው ትንሽ ጉርምርምታ አሁን ይበልጥ ትሰማለች። ፍሪሲዮን ስረግጥ ትጠፋለች፤ ኩሽኔታ ነው። ወፍራሙ ዘይት ድምፁን አፍኖት እንደነበር ገባኝ። ኩሽኔታን ዘይት አይጠግነውም፤ ተራው ሲደርስ ይቀየራል። መስማቴን ከአለመስማቴ እመርጣለሁ።

ጽሑፌን አይቶ ይህንኑ ዘይት ለሌላ መኪና የሚገዛ ሰው እንዳይኖር አደራ። ካምቢዮ ሁሉ አንድ አይደለም። የሞተር ዘይት የሚጠይቅ ማኑዋል ካምቢዮ ያላቸው የአይሱዙ ፒካፖች አሉ፤ በማኑዋል ካምቢዮአቸው የአውቶማቲክ ዘይት የሚገባባቸው መኪኖችም አሉ። ሐይቅ ያለው አጎቴ ፒካፑን ይዞ «ያንቺን ዘይት ላኪልኝ» ሲለኝ መጀመሪያ ያልኩት «ጋሼ፣ መጽሐፉን አምጣው» ነው። መጽሐፉ ቢጠፋም ትክክለኛው ዓይነት በካምቢዮው ኮድ ይገኛል፤ ኮዱም ሞተር ክፍሉ ውስጥ ወይም በሩ ሥር ያለችው የብረት ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። የእኔዋ ላይ ሲ50 ይላል።

ባለፈው ሳምንት የመሙያውን ብሎን ፈትቼ ትንሿን ጣቴን አስገባሁ። ዘይቱ ከቀዳዳው ከንፈር እኩል ነው፣ አልጎደለም። ጣቴን ነጭ ጨርቅ ላይ ጠረግሁት። ጠቆር ብሏል፤ ፀሐይ ላይ ወስጄ ደጋግሜ አገላበጥኩት፣ ወርቃማው ብልጭታ የለም። የሦስተኛው ጠርሙስ ግማሹ መደርደሪያ ላይ አለ፤ ኅዳር ላይ ውርጩ ሲመለስ ደግሜ እፈትሻለሁ።