ለአዝማሪ ቤት ምሽት የትኛው መቅጃ ይሻላል፦ ዙም ወይስ ታስካም?

ባሕር ዳር አዝማሪ ቤት ገብቶ ስልኩን አውጥቶ ያልቀዳ ሰው አላውቅም። ጠዋት ሲከፍቱት ግን ከበሮው ታፍኗል፣ መሰንቆው ይጮሃል፣ ግጥሙን ጭብጨባ ውጦታል። ስልክ የተሠራው ለወሬ ነው። ጩኸት ሲበዛ ድምፁን ራሱ ይቀንሳል፣ ጸጥ ሲል ደግሞ ራሱ ይጨምራል፣ ዘፈኑም እንዳመጣለት ከፍ ዝቅ ሲል ያድራል።

ኪስ የሚገቡና ዋጋቸው ከማይከብዱት ውስጥ ሁለቱን ላነጻጽራችሁ፦ ዙም ኤች1 ኢሴንሺያልና ታስካም ዲአር-05ኤክስ።

መጀመሪያ ግን የደረሰብኝን ልንገራችሁ። በድሮው መቅጃዬ አዝማሪው መሰንቆውን ሲቃኝ ጌይኑን፣ ማለት መቅጃው ድምፁን ምን ያህል አጉልቶ እንደሚቀበል፣ አስተካክዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ቤቱ ሲሞቅ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት እልልታዋን አቀለጠችው። ቤት ሄጄ ስሰማው እልልታው ያለበት ቦታ ሁሉ ድምፁ ተሰነጣጥቋል። አዝማሪው ለሷ የመለሰላት ግጥም፣ ቤቱን በሳቅ የጣለው እሱ፣ እዚያው ውስጥ ጠፍቶ ቀረ።

ዙሙ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የሚቀዳው በጣም ትንሹንም በጣም ትልቁንም ድምፅ በሚይዘው በ32 ቢት ፍሎት ስለሆነ ጌይን የሚባል ማስተካከያ ጭራሽ የለውም፤ ከፍቶ ማስቀመጥ ብቻ ነው፣ የጮኸውንም ያነሰውንም በኋላ ኮምፒውተር ላይ ታስተካክሉታላችሁ። ግን ተአምር አይሠራም። ማይኩ የሚችለው እስከ 120 ዴሲቤል ነው፣ ትልቅ ስፒከር አፍ ላይ ከደቀናችሁት ማይኩ ራሱ ይሸነፋል፣ ያንን ደግሞ ምንም ቢት አያድነውም። ሌላም አለ። ፋይሉ ዋቭ የሚባለው ያልታመቀና ከባድ ዓይነት ብቻ ነው፣ አንዳንድ ስልክም አይከፍተውም፤ በዚያው ሌሊት በቴሌግራም ልላክ ካላችሁ መጀመሪያ መቀየር ሊኖርባችሁ ነው። ታስካሙ ኤምፒ3ም ይቀዳል።

ታስካሙ 24 ቢት ነው፣ ጌይኑን እናንተ ትይዛላችሁ። ዘዴው ቀላል ነው፦ በመሰንቆው ሳይሆን በሚመጣው እልልታ ልክ አስተካክሉት። ስክሪኑ ላይ ያለው የድምፅ መለኪያ ከ-12 ዴሲቤል እንዳያልፍ አድርጋችሁ ተዉት፣ ቢያንስም 24 ቢት ላይ በኋላ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ይሄ ሁሉ ጣጣ ነው ለሚል ዲአር-05ኤክስፒ የሚባለው አዲሱ ሞዴል 32 ቢት ፍሎት አለው።

ለኔ ግን ከቢቱ ይልቅ ማይኩ ነው የሚለያቸው። የዙሙ ሁለት ማይኮች በ90 ዲግሪ ተጣምረው ወደ ፊት ያያሉ። መድረክ ላይ ቆሞ ለሚዘፍን ሰው በጣም ጥሩ ነው። አዝማሪ ግን መች አንድ ቦታ ይቆማል? ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ነው የሚገጥመው፣ ግጥሙንም አንዳንዴ ከኋላችሁ የተቀመጠው ሰው ነው ጮክ ብሎ የሚያቀብለው። የታስካሙ ማይኮች ዙሪያውን እኩል ይሰማሉ፣ ሁለቱንም ይይዛሉ። ዕዳው ደግሞ ሌላውንም ሁሉ መስማታቸው ነው፦ የቢራ ቆርኪ፣ የወንበር መጎተት፣ መብራት ሲጠፋ ውጭ የሚነሳው ጄኔሬተር። ለጄኔሬተሩ ወፍራሙን ጉርምርምታ የሚቀንሰውን ሎው ከት ክፈቱት፣ ሁለቱም ላይ አለ።

ድንጋይ ላይ ታስካሙ ይበልጣል። በሁለት የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ ወደ 17 ሰዓት ይሄዳል። ዙሙ በሁለት የሪሞት ድንጋይ 10 ሰዓት ያህል። ሚሞሪ አያሳስብም፣ በ48 ኪሎኸርዝ ታስካሙ በሰዓት 1 ጊጋ ገደማ፣ ዙሙ 1.4 ገደማ ይበላል።

ጣና ዳር ወይም ዘጌ መሄጃ ጀልባ ላይ ለመቅዳት ያሰበ፣ የትኛውንም ይግዛ፣ ጸጉራም የማይክ መሸፈኛ አብሮ ይግዛ። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ሲነሳ ያለሱ የምትቀዱት ነፋሱን ብቻ ነው።

ሠርግ ወይም ባንድ ከሆነ ግን ሁለቱንም እርሷቸው። ኤክስኤልአር የሚባለው የሚክሰርና የትልልቅ ማይክ ገመድ መሰኪያ ያለው ዙም ኤች4 ኢሴንሺያል ወይም ታስካም ዲአር-40ኤክስ ያስፈልጋችኋል፣ ዋጋው ከፍ ይላል። ከሚክሰሩ ዘፋኙንና ኪቦርዱን ጥርት አድርጋችሁ ትወስዳላችሁ፣ ጭብጨባውንና እልልታውን በራሱ ማይክ ለብቻ ትቀዳላችሁ፣ ከዚያ ታዋህዳላችሁ። የሚክሰሩን ልጅ ቀደም ብላችሁ ለምኑት፣ ዝግጅቱ ከተጀመረ አይሰማችሁም።

አስቀምጬው ልጨፍርበት የሚል ዙሙን ይግዛ። እኔ ታስካሙን ነው የያዝኩት፣ ምክንያቴም ያ ከኋላ የሚመጣው ግጥም ነው። ከመቅዳታችሁ በፊት ግን አዝማሪውን አስፈቅዱት፣ ሸለም አድርጉት። ደብቃችሁ ስትቀዱ ካያችሁ ግጥሙ ወደ እናንተ ይዞራል፣ እሱም ጥርት ብሎ ይቀዳል።