ተራ ካንዴላ ወይስ ኢሪዲየም?

ባለፈው ክረምት ጅማ ሂርማታ ገበያ አጠገብ መኪናዬ ቪትዟ ገተረችኝ። ሞተሩ ሲበርድ ካንዴላዎቹን፣ ነዳጁን በብልጭታ የሚለኩሱትን፣ ፈታን። ጫፋቸው ጥቀርሻ ለብሷል፤ ደህናው ፈዘዝ ያለ ቡናማ ነው። መካኒኩ "ተራውን ወይስ ጫፉ ኢሪዲየም ከተባለ ጠንካራ ብረት የተሠራውን ልግጠም?" አለኝ።

ዋጋ፦ ተራው ይረክሳል። ኢሪዲየም ኪስ ይነካል።

ዕድሜ፦ ተራው ከ30 እስከ 50 ሺህ ኪሎ ሜትር፣ ኢሪዲየም 100 ሺህ ገደማ።

ጽዳት፦ ተራውን በሽቦ ብሩሽ ጠረግ አድርጎ፣ ብልጭታው የሚዘልበትን የጫፉን ክፍተት ለክቶ መመለስ ይቻላል። ኢሪዲየምን በሽቦ መፈተግ ግን መግደል ነው። ጫፉ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ እንደ መርፌ።

ስጋት፦ ኢሪዲየም ተብሎ ፎርጅድም ይሸጣል።

ሞተርዎ ዘይት የሚበላ ከሆነ ተራውን ይያዙ፤ ውዱም ያው ይጠቁራል። ጅማ–አዲስ አበባ ለሚመላለስ ጤነኛ ሞተር ኢሪዲየም ያዋጣል። የመኪናው መመሪያ ኢሪዲየም ካለ ግን ክርክር የለም። እኔ? ዘይት ትበላለችና ተራውን አስገጠምኩ።