ጊታር ራሳችሁ ልትሠሩ ነው? የትኛው ብሪጅ ይሻላችኋል?

አዳማ ላይ የዋንዛ ጣውላ አሰንጥቆ ኤሌክትሪክ ጊታር ለመሥራት የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ስለሚለውጠው ዕቃ) ነው። ቆይ፣ ብሪጁ፣ ማለትም ቦዲው ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ብረት፣ ይቅደም። ፒክአፕ ካልጣማችሁ ትቀይሩታላችሁ። ብሪጅ ያለቦታው ከተበሳ ግን ጊታሩን የፈለጋችሁትን ያህል ብትቃኙት ላይኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ካሉት የብረት መስመሮች) ላይ ስትደርሱ ያሳፍራችኋል።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ከነት (በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ ከሚያርፉበት ድጋፍ) እስከ 12ኛው ፍሬት ያለው ርቀት ከነት እስከ ብሪጅ ያለው የሙሉው ርቀት ግማሽ ነው። በጊታር አምራቹ ፌንደር ልክ ሙሉው 648 ሚሊ ሜትር፣ ግማሹ 324። የሌላው አምራች የጊብሰን ልክ አጠር ይላል፣ 628 ገደማ። ችግሩ ክር ሲጫኑት ይወጠርና ድምፁ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ሳድሉ (ብሪጁ ላይ እያንዳንዱ ክር የሚያርፍበት ተንቀሳቃሽ ቁራጭ) ከስሌቱ ወደ ኋላ መሸሽ አለበት፣ ቀጭኗ ክር ጋ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር፣ ወፍራሟ ጋ ደግሞ 4 ወይም 5። ብሪጆቹን የሚለያያቸው ይህን ማስተካከያ ምን ያህል ይፈቅዳሉ የሚለው ነው።

ሃርድቴይል የሚባለው፣ በቪቴ ቀጥታ ቦዲው ላይ የሚታሰረው፣ ለጀማሪ ወደር የለውም። ሳድሎቹ ብዙ ይሄዳሉ፣ አንገቱንም ማዘንበል አያስፈልግም። የቀጭኗን ክር ሳድል ወደ ፊት ገፍታችሁ ትንሽ ቦታ ብቻ አስቀሩለት፣ ጫፉን ልክ 648 ላይ አድርጉና የቪቴዎቹን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ሌሎቹ ሳድሎች ከዚያ ወደ ኋላ ይስተካከላሉ። ከማሰራችሁ በፊት ግን በብሪጁ ስር የኧርዝ ሽቦ ማለፊያ ብሱ፤ ከተረሳ አምፕሊፋየሩ እዝዝዝ ሲል ይውላል።

ቱን ኦ ማቲክ የሚባለው ብሪጅ ውበት አለው፣ ጊብሰን ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያወጣው ነው። ግን ለራስ ሠራሽ ጊታር ቁጡ ነው። ሁለት ምሰሶ ላይ ይቆማል፣ የወፍራሟ ክር ምሰሶ ከሌላኛው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ይገባል፣ የሳድሎቹ መንገድ ደግሞ አጭር ስለሆነ ምሰሶዎቹ ከተሳሳቱ ማዳኛ የላችሁም። ቁመቱም ረጅም ነው፤ አንገቱ በ3 ወይም 4 ዲግሪ ካላዘነበለ ክሮቹ ከፍሬቶቹ ርቀው ይሰቀላሉ። ጥሩ አናጢ ካላችሁ ሞክሩት።

ትሬሞሎስ፣ በእጀታ ድምፁን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ብሪጅ? የተለመደው ዓይነት ቦዲውን ከፊት እስከ ጀርባ መብሳት፣ ከጀርባ ስፕሪንግ መግጠሚያ መፈልፈል ይጠይቃል። ተንሳፋፊ (በስፕሪንግና በክሮቹ ውጥረት መካከል ተመዝኖ የሚቆም) ከሆነ አንዷን ክር ስትስቡ የቀሩት ዝቅ ይላሉ፣ አንዷ ከተበጠሰች ደግሞ ሁሉም ቅኝታቸውን ይለቃሉ። አምባሰል ወይም ትዝታ በጊታር የሚጫወት ሰው ክር መሳብ ይወዳል፣ እኔ ለእሱ አልገዛለትም።

ብሪጁን ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ በሚመጣ ሰው ስታስመጡ በሁለቱ ጫፍ ክሮች መካከል ያለውን ስፋት ጠይቁ፤ አንዳንዱ 52 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ የድሮው የፌንደር ዓይነት ወደ 56 ይጠጋል። ለጠባብ አንገት 56ቱን ከገዛችሁ የጫፍ ክሮች ከፍሬት ጠርዝ ይወርዳሉ። ድሪሉን ከማንሳታችሁ በፊትም ከነቱ እስከ ብሪጁ በሁለቱም ዳር ክር ዘርጉ፤ ከአንገቱ ጠርዝ ያለው ርቀት ግራና ቀኝ እኩል ካልሆነ ብሪጁን ወደ ጎን ገፋ አድርጉት።