ቤተ መጻሕፍቱን እወደዋለሁ፣ አፑ ግን ስለ እኔ ብዙ ያውቃል

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ። ሰዎቹን ብቻ ብመዝን ኖሮ 5ቱንም እሰጥ ነበር።

አባል ከሆንኩ ስድስት ዓመት ያለፈኝ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። ስሙን አልጠራም። ሠራተኞቹን አከብራለሁ፤ የማማርርበትን ዓይነት አፕ የሚጠቀሙ ቤተ መጻሕፍትም ብዙ ናቸው።

ለምን እንደምጽፍ ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት እናቴ ነገር መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ ቁልፍ ነበር፣ ቀጥሎ የሰው ስም፣ በኋላ መንገድ። ሐኪም ጋ ከመሄዳችን በፊት ስለ መርሳት በሽታ ማንበብ ፈለግሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ታናሽ ወንድሜ ቶሎ ይደነግጣል፣ እርግጠኛ ሳልሆን ላስጨንቀው አልፈለግሁም። ሁለት መጻሕፍት ከመደርደሪያ ተዋስኩ። ሦስተኛውን በቤተ መጻሕፍቱ አፕ ስልኬ ላይ አነበብኩት።

ከሳምንት በኋላ ወንድሜ ደወለ። «እማዬ ምን ሆና ነው?» አለኝ፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። አፑ «ይህን ካነበቡ እነዚህንም ይመልከቱ» የሚል ኢሜይል ልኮ ኖሯል። አራት መጻሕፍት፣ አራቱም ስለ መርሳት በሽታ። የተላከው ደግሞ ቤተሰቡ በጋራ ወደሚያየው አድራሻ ነው። ስመዘገብ የሞላሁት እሱን ነበር። ያንን ነገር አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ በራሴ አንደበት ልነግረው ነበር የምፈልገው። አፑ ቀደመኝ።

አሁን ወደ አገልግሎቱ ልግባ።

መዋሻ ጠረጴዛው ላይ የምወቅሰው ነገር የለም። መጽሐፍ ስትመልሱ ስማችሁንና መጽሐፉን ያገናኘው መዝገብ ይሰረዛል። የሚቀረው መጽሐፉ ስንት ጊዜ እንደወጣ የሚያሳይ ቁጥር ብቻ ነው። ቅጣት ካለባችሁ እስክትከፍሉ ይቆያል፣ ከዚያ እሱም ይጠፋል። ይህን ያስረዱኝ ብዙ ዓመት እዚያ የሠሩ አንድ አዛውንት ባለሙያ ናቸው። እናቴን ጠቅሼ ስነግራቸው ብዕራቸውን አስቀምጠው ሰሙኝ። «ልጄ፣ እኛ ጋ የሌለውን ወረቀት ማንም መጥቶ ሊወስደው አይችልም» አሉኝ።

ማን ይመጣል ብዬ ጠየቅኋቸው። አሜሪካ ውስጥ የሆነውን ነገሩኝ፣ እኔም ቤት ገብቼ አነበብኩ። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ2005 የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) ኮኔቲከት ውስጥ ላይብረሪ ኮኔክሽን ለሚባል የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ደብዳቤ ላከ። በአንድ የኢንተርኔት አድራሻ፣ በአንድ ቀን፣ ለአጭር ሰዓት የተጠቀመው ማን እንደሆነ ንገሩን የሚል ነው። የዳኛ ፊርማ የለበትም። ደብዳቤ ደርሶናል ብሎ ለማንም መናገርም ይከለክላል። አራት የቤተ መጻሕፍት ሰዎች አንሰጥም ብለው ከሰሱ። በራሳቸው ክስ ችሎት እንኳ መቀመጥ አልተፈቀደላቸውም፤ በሌላ ከተማ ሆነው በቴሌቪዥን ነው የተከታተሉት። አፋቸው የተፈታው በ2006 ነው። ኤፍቢአይም ጥያቄውን ተወው።

እኔን የያዘኝ አንድ ነገር ነው። ከዚያ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠው ሰው ሌላም ሊሆን ይችል ነበር። ስለ እናቷ ሕመም የምታነብ ሴት ልትሆን ትችል ነበር።

አዛውንቱ ሌላም ነገር አነሱ። በ2001 በወጣው የአሜሪካ የፀረ ሽብር ሕግ ውስጥ አንቀጽ 215 የሚባል ነበረ። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች የአንባቢ መዝገብ ያስወስዳል ብለው ገና ከጅምሩ ተቃወሙት። እንዲያውም «የቤተ መጻሕፍቱ አንቀጽ» ይባል ነበር። በ2013 ለአሜሪካ የስለላ ድርጅት ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን ባወጣው ምስጢር ያ አንቀጽ የሚሊዮኖችን የስልክ ጥሪ መዝገብ በጅምላ ለመሰብሰብ እንዳገለገለ ታወቀ። ማን ለማን ደወለ፣ መቼ፣ ለስንት ደቂቃ። ያን ጊዜ ፈርታችሁ ነው የተባሉት ሰዎች ልክ ነበሩ።

ኮምፒውተር ክፍሉን ራሴ ፈተሽኩት። አንድ ፋይል አስቀመጥኩ፣ ሦስት ገጽ ከፈትኩ፣ ወጣሁ። ተመልሼ በዚያው ማሽን ስገባ ምንም የለም። ሰው በወጣ ቁጥር ማሽኑ እንደ አዲስ ይነሣል፣ የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል። ሁለቱ ማሽኖች ላይ ቶር ብሮውዘርም ተጭኗል፤ ድረ ገጽ የከፈተው ማን እንደሆነ ለመደበቅ የሚረዳ ማሰሻ ነው። ቀርፋፋ ነው፣ ግን ይሠራል።

ሁለት ነገር አልወደድኩም። ለመግባት የካርድ ቁጥር ይጠይቃል፤ ማን በስንት ሰዓት የት እንደተቀመጠ ይመዘገባል ማለት ነው። ማታ ማታ ይሰረዛል ብለውኛል፣ አምናቸዋለሁ። ግን የትም ቦታ ተጽፎ አይታይም። ሌላው ካሜራው ነው። በሌባ ምክንያት እንደተሰቀለ ገብቶኛል። ይሁንና የተሰቀለው ከወንበሮቹ ጀርባ ስለሆነ ስክሪኑን ያያል። ወደ በሩ ቢዞር ሌባውንም ይይዛል፣ እኛንም ይተወናል።

የቀጠሮ መደርደሪያው ላይ ደግሞ ደስ የሚል ነገር ሆነ። አስቀድማችሁ ያስያዛችሁት መጽሐፍ ሙሉ ስማችሁ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎበት፣ ርዕሱ ወደ ውጭ ዞሮ ይቀመጥ ነበር። ያለፈ ያገደመ ሁሉ ያነበዋል። ተናገርኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስሙ ቀርቶ የካርዱ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ብቻ ሆኑ፣ መጽሐፎቹም ጀርባቸውን አዙረው ተደረደሩ። ምንም ወጪ አልጠየቀም።

አፑ ነው ሁሉንም ያበላሸው። የሌላ ድርጅት ነው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ተከራይቶ ነው የሚጠቀመው። የንባብ ታሪክ መያዣው ስትመዘገቡ በርቶ ነው የሚጠብቃችሁ። ማጥፊያውን ለማግኘት አራት ገጽ ወደ ውስጥ መግባት አለባችሁ። እኔ ሳገኘው ከስድስት ዓመት በፊት በአፑ የተዋስኩት የመጀመሪያው መጽሐፍ ሳይቀር ተደርድሯል፤ ስንት ገጽ እንዳነበብኩ፣ በስንት ሰዓት እንዳቆምኩ ጭምር። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስለ እናቴ ሳነብ እንደነበር ከእኔ በቀር የሚያውቅ ያለ አልመሰለኝም ነበር። «አጥፋ» የሚለውን ስጫን «ታሪኩ ከዕይታ ተወግዷል» የሚል መልስ መጣ። ከዕይታ እንጂ ከሰርቨሩ፣ መረጃው ከሚቀመጥበት ከድርጅቱ ኮምፒውተር፣ አላለም። ያቺን ቃል ደጋግሜ አነበብኳት።

ነገሩ የእኔ ፍርሃት ብቻ አይደለም። በ2014 አዶቤ ዲጂታል ኤዲሽንስ የተባለው የኢ-መጽሐፍ ማንበቢያ፣ ብዙ ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀሙበት ማለት ነው፣ ሰው የትኛውን መጽሐፍ እንደከፈተና የትኛውን ገጽ እንዳነበበ ወደ ድርጅቱ ሰርቨር ሲልክ ተገኘ። ያውም ሳይመሰጠር፤ መስመሩ ላይ ያለ ሁሉ ሊያነበው በሚችል ጽሑፍ።

ሌላ መንገድ የለም እንዳይባል ኮሃ የሚባለውን የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ተመልከቱ። በነጻ ይሰራጫል። ቤተ መጻሕፍቱ ከፈቀደ አንባቢው ራሱ ይመርጣል፤ ታሪኬ ሁልጊዜ ይቀመጥ፣ ለተወሰነ ጊዜ ይቆይ፣ ወይም መጽሐፉን እንደመለስኩ ይጥፋ። ታሪኩን የሚፈልግ ሰው አለ፣ ያነበበውን ማስታወስ የሚወድ። እሱ ያብራው። እኔ ላጥፋው።

የምትጠቀሙት ተመሳሳይ አፕ ከሆነ ዛሬውኑ ገብታችሁ የንባብ ታሪኩንና የጥቆማ ኢሜይሉን አጥፉ። አድራሻችሁንም ለብቻችሁ ወደምታዩት ቀይሩ። ሕመም፣ ሃይማኖት፣ ፍቺ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ለጊዜው በወረቀት ተዋሱ። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ሦስት ነገር ጠየቅኩ፦ ታሪክ መያዣው ጠፍቶ ይጀምር፣ ውሉ ሲታደስ የተሰረዘው ከሰርቨሩም እንደሚጠፋ ይጻፍበት፣ ካሜራው ወደ በሩ ይዙር። አዛውንቱ ደብዳቤውን አንብበው አራተኛ መስመር ጨመሩበት። የትኛው መዝገብ ለስንት ቀን እንደሚቆይ በሩ ላይ ይለጠፍ የሚል ነው። ከስሜ ሥር እሳቸውም ፈረሙ። መልስ ሲመጣ ኮከቡን አስተካክላለሁ።